የጋሞን ዘፈን ከመንገድ ዳር አንፈልገው

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ደቡቡ አገራችን ዘፈንና ዘፈኑን ፍለጋ ስለሚጓዘው ከተሜ ያለኝን ጥቂት ሐሳብ በዚህ የአንባብያን አምድ ላይ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በዛሬው ጊዜ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን በቤቱ ተቀምጦ ከማሳለፍ ይልቅ ከቤተሰቡ ጋር አገሩን መጎብኘት ጀምሯል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለማየት መሄድና ለመስማት መሄድ ይለያያሉ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው የመስቀል ሰሞን የሄድነው ለመስማት ነበርና ያገኘነውን ለባልደረቦቼ ብነግር ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

መጓጓዣችን አሮጌ ቶዮታ ሚኒባስ ነው። የኋላ ወንበሮቹን አስነቅለን ፍራሽ አነጠፍንበት፤ የቡና ረከቦት፣ የጋዝ ምድጃና ሁለት ጀሪካን ውኃ ጫንን። ከእኛም ጋር ቡቺና መቻል የሚባሉ ሁለት ውሾቻችን ነበሩ። ዘመዶቻችን «ውሻ ይዞ አገር ጉብኝት የሚሄድ ማን አለ?» ብለው ሳቁ፤ ይሁን እንጂ ለሁለት ሳምንት አደራ የሚቀበል ጎረቤት አልተገኘም። ከመነሣታችን በፊት ሁለቱንም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አስከትበን የምስክር ወረቀቱን ያዝን። ይህ ለወግ ያህል የሚደረግ ነገር አይደለም፤ በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 ከቤት ውሾች በተላለፈ በዚሁ በሽታ ክፉኛ ተጎድቷል።

ውሻ የያዘ መንገደኛ አይቸኩልም። በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ ማንሸራሸርና ውኃ ማጠጣት፣ ከዚያም በፊት የአገሩን ሰው ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በዚህ ምክንያት ሌላው መኪና እየበረረ ያለፈውን ስፍራ ሁሉ እኛ ቆመን አየነው፤ ቆመንም ሰማነው።

በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ወላይታ ሶዶ ገባን። የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን ጊፋታን የሚያከብረው በመስከረም ስለ ሆነ ከተማው በሙሉ በጨዋታ ላይ ነበር። ነገር ግን በየመዝናኛ ቤቱ የሚሰማው በስቱዲዮ ተቀድቶ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ዘፈን ነው። ጥሩ ዘፈን ነው፤ እግርንም ያነሣሣል። ባለቤቴ ግን «ይህንንማ ከመሥሪያ ቤት ስንወጣ ታክሲ ውስጥ በየቀኑ እንሰማው የለም እንዴ?» አለችኝ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የአባያን ሐይቅ በግራ፣ የጋሞን ተራሮች በቀኝ አድርጎ ይወርዳል። አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ መቀመጫ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከደጋማዋ ጨንቻ ወደ ቆላው በወረደ ጊዜ ያደገች ከተማ ናት፤ ዛሬም የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚያ አንድ ሆቴል ውሾቹን አይቶ አላስገባንም አለ፤ እኛም አልተቀየምንም፤ ሆቴላችን ሚኒባሱ ነበርና። ወደ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም ለመግባት አልሞከርንም፤ የቤት ውሻ በዱር አራዊት መካከል ምን ሥራ አለው?

ባለቤቴ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የኦቾሎ ተወላጅ የሆነች ባልደረባ አለቻት። ከአዲስ አበባ ስንነሣ «የእኛን ዘፈን በሆቴል አትፈልጉት፤ ከላንቴ ወደ ላይ ውጡና ኦቾሎ ስሙት፤ ቤተሰቦቼ ይቀበሏችኋል» ብላን ነበር። ስለዚህ በማግሥቱ በመጣንበት መንገድ ጥቂት ተመልሰን፣ የሙዝ እርሻ ከሞላበት ከኦቾሎ ላንቴ ወደ ተራራው ወጣን።

ኦቾሎ በአለት ላይ የተቀመጠ አገር ነው። ቤቱም የእንሰቱ ጓሮም በቋጥኝ መካከል ነው፤ ቁልቁል ሲመለከቱ አባያ ተዘርግቶ ይታያል። ገና እንደ ደረስን ውሾቻችን በቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ ሽኮኮ አይተው ሊሮጡ ሲሉ አንድ ጎልማሳ «እሰሯቸው፤ እናንተም ማታ ከዋሻ አጠገብ አትደሩ» ብሎ መከረን። ምክሩ ቁም ነገር አለው። ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል በኦቾሎ የቆየ ችግር ነው፤ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ተሐዋሲውን በአካሉ የሚያኖረው ሽኮኮ ሲሆን ወደ ሰው የምታደርሰው ሌሊት የምትነድፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ አጎበር ይያዝ።

የኦቾሎ ስም ከአገር ውጭ ጭምር የታወቀው ግን በጉባኤው ነው። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኦቾሎ ኖሮ፣ ሕዝቡ ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ተሰብስቦ ጉዳዩን በክርክርና በስምምነት እንዴት እንደሚወስን አጥንቶ በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። እንዲህ ያለው የመደማመጥ ልማድ በመላው ጋሞ የታወቀ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በወገኖቹ ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጣው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል በተነሣ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ መንበርከካቸውን፣ ወጣቱም ቃላቸውን ሰምቶ መመለሱን አገር ያስታውሳል።

ዘፈናቸውም እንደ ጉባኤያቸው ነው። አንዱ ያነሣል፤ ሁለተኛው ከእርሱ በላይ በቀጭን ድምፅ ይገባል፤ ሌላው በመካከል ያቋርጣል፤ የቀረው ሕዝብ ደግሞ ከታች ሆኖ እንደ ንብ መንጋ ይተማል። ሁሉም በየድርሻው ይዘፍናል፤ የማንም ድምፅ የሌላውን አይከድንም። የጎረቤቶቻቸውን የዶርዜዎችን እንዲህ ያለ የኅብረት ዘፈን በርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል።

እኛ ባመሸንበት ቤት ደጅ የበዓሉ ዘፈን ሲነሣ ውሾቻችን መጀመሪያ ጆሯቸውን አቆሙ፤ ከዚያም አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው አብረው ማላዘን ጀመሩ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌም «የጎደለን ድምፅ ተገኘ» ብለው ቀለዱ። በኋላ ግን እኚሁ አባት ቀልዱን ወደ ቁም ነገር መለሱትና በአስተርጓሚ እንዲህ አሉን፦ «ድሮ የታችኛውን ድምፅ የሚይዝ ሰው ብዙ ነበር። ዛሬ ግማሹ ልጅ ላንቴ ሙዝ ላይ ነው፤ ግማሹም ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባ ገብቷል። የላይኛውን ድምፅ አንድ ሰው ብቻውን ሊያወጣው ይችላል፤ የታችኛውን ግን ብቻውን የሚዘፍነው የለም።»

ይህን ቃል በልቤ ይዤ ነው ወደ ጨንቻ የወጣሁት። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱን የሄደ ሁሉ የምናገረውን ያውቀዋል። በየመታጠፊያው ሕፃናት ወደ መኪናው ይሮጣሉ፤ ወገባቸውን ያወዛውዛሉ፣ በእጃቸው ይቆማሉ፣ ይገለበጣሉ፤ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውኃ ጠርሙስ፣ ካልሆነም ገንዘብ ይለምናሉ። እኛ ባለፍንበት ቀን ከፊታችን የነበረ የጎብኚዎች መኪና ቆሞ፣ ተሳፋሪዎቹ ልጆቹን በስልካቸው እየቀረጹ ብር በመስኮት ወረወሩ። አንዱ ልጅ ብሩን ሊያነሣ ዘሎ ሲገባ ቁልቁል የሚወርድ አይሱዙ በክንድ ርቀት አልፎት ሄደ። ልጁ ስምንት ዓመት አይሞላውም። ቀኑም የትምህርት ቀን ነበር።

ያ ልጅ ይህን ጭፈራ ከማን ተማረው? ያስተማረው መንገዱ ነው፤ ለመንገዱም ደመወዝ የምንከፍለው እኛ መንገደኞቹ ነን። የአያቱ ዘፈን ሰው ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ስፍራ ይፈልጋል። የመንገዱ ጭፈራ ግን አንድ ልጅና አንድ የተከፈተ መስኮት ይበቃዋል። ሁለተኛው ገንዘብ ሲያመጣ፣ የመጀመሪያው ደግሞ ሰው ሲያጣ፣ ልጁ የትኛውን ይዞ እንደሚያድግ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ነገሩ የጋሞ ብቻ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በጊዶሌ ዙሪያ የሚኖሩት ደራሼዎች ፊላ የሚባል ዋሽንት አላቸው። እያንዳንዱ ሰው የያዘው ዋሽንት የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው፤ አንዱ ነፊ ቢቀር በዜማው ላይ ቀዳዳ ይታያል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ደራሼዎች የዋሽንት ጥበብ በየአገሩ መድረክ ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። ደግሞም የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም.፣ የሲዳማው ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ይህ ሁሉ ክብር ነው፤ መዝገብ ግን አይዘፍንም።

ይህን ስል ያለፈው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ሕዝብ ተገልለው ኖረዋል፤ በጉባኤውም እኩል ስፍራ አልነበራቸውም። በለቅሶና በበዓል ጊዜ መለከት የሚነፉትና ከበሮ የሚመቱት ግን በብዙ ስፍራ እነዚያው የተገለሉት የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ድምፁ ተፈልጎ ሰውየው የተናቀበት ልማድ መቅረት አለበት። ዘፈኑ ይኑር ስንል ዘፋኙ ሁሉ በእኩልነት ተቀምጦ ይኑር ማለታችን ይሁን።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ልመና አራት ነው።

መጀመሪያ፣ በጨንቻ መንገድ ላይ ሕፃናትን ለማስጨፈር መኪና አናቁም፤ በመስኮትም ምንም ነገር አንወርውር። መስጠት የፈለገ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ ያስረክብ፤ ወይም ዶርዜ ገብቶ ጋቢ በተገቢው ዋጋ ይግዛ።

ሁለተኛ፣ ዘፈኑን በቀኑና በስፍራው እንስማው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እንግዳ ግን በበላበት ዝም ብሎ መስማት ይገባዋል። መቅረጽ የፈለገ አስፈቅዶ ይቅረጽ፤ የቀረጸውንም የቀበሌውንና የዘፋኞቹን ስም ጽፎ አንድ ቅጂ ለራሳቸው ይተውላቸው።

ሦስተኛ፣ የሚመለከታቸው የባህልና የትምህርት መሥሪያ ቤቶች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ሽማግሌዎቹን ወደ ትምህርት ቤት ጠርተው፣ እንደ ማንኛውም መምህር ተገቢውን አበል ከፍለው፣ የላይኛውንም የታችኛውንም ድምፅ ለልጆች ቢያስተምሩ ወጪው ትንሽ፣ ትርፉ ግን ትልቅ ነው።

አራተኛው ከአዲስ አበባ ሳይወጡ የሚፈጸም ነው። የታችኛው ድምፅ ወዴት እንደ ሄደ እኛ ከተሜዎቹ እናውቃለን። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ከጠዋት እስከ ማታ ይሸምናሉ፤ ለበዓል የምንለብሰው ነጠላ፣ ለሠርግ የምናሠራው ጥበብ የእጃቸው ሥራ ነው። መስቀል ሲደርስ የብዙዎቹ ምኞት አገራቸው ገብተው ከወገኖቻቸው ጋር ማክበር ነው፤ የአውቶቡሱ ዋጋና ለእናት የሚወሰደው ስጦታ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ከሸማው ዋጋ ነው። በጳጉሜን ገበያ አንድ ደንበኛ ሁለት መቶ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ሲከራከር አይቼ አውቃለሁ። ደንበኛው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ እየተቀነሰ በየቤቱ በሚቀረው ብር ምክንያት ሸማኔው ሳይሄድ ይቀራል፤ በኦቾሎም አደባባይ አንድ ድምፅ ይጎድላል። ለጥበቡ የሚገባውን ዋጋ እንክፈል፤ ዘፈኑን ወደ አገሩ የሚመልሰው ከየትኛውም ፌስቲቫል ይልቅ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።



ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ