ያውቁ ኖሯል? ዙር ተሳስተውም ወርቁን ወሰዱ

በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ኢትዮጵያውያኑ ሯጮች ዙር ሲቆጥሩ ተሳሳቱ። ገና አንድ ዙር ሲቀር፣ ውድድሩ ያለቀ መስሏቸው ያላቸውን ኃይል ሁሉ አውጥተው ፈተለኩ። ያን ያህል ኃይል ካፈሰሱ በኋላ እንደገና መሮጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የሮጠ ያውቀዋል! አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አንደኛ ሲወጣ፣ ኢትዮጵያዊው መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሆነ። የቡድን ውጤት ግን የስድስት ሯጮች ደረጃ ተደምሮ የሚገኝ፣ ድምሩ ያነሰው የሚያሸንፍበት ስለነበር ወርቁ የኢትዮጵያ ሆነ። የወንዶቹ ቡድን እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አልተረታም። እንዲህ ያለውን የቡድን ሩጫ የጎብዬና የቆቦ ወጣቶች በሰፊው የራያ ሜዳ ቢሞክሩት እንዴት ባማረ!