ተጨማሪ መረጃ፦ መለኪያው ራሱ ንባቡን ሲለውጥ

ልካቸው እኩል የሆነ ሁለት ሬዚስተሮች በተከታታይ ከ10 ቮልት የኃይል ምንጭ ጋር ሲያያዙ፣ በኦም ሕግ መሠረት እያንዳንዳቸው 5 ቮልት ይደርሳቸዋል። ሬዚስተሮቹ ባለ 10 ኪሎ ኦም ከሆኑ ዲጂታል መልቲሜትርም 5 ቮልት ገደማ ያሳያል። በባለ 1 ሜጋ ኦም ሲተኩ ግን ንባቡ ወደ 4.76 ቮልት ይወርዳል። ሬዚስተሮቹ አልተበላሹም፤ ስሌቱም አልተሳሳተም።

ምክንያቱ መልቲሜትሩም የሰርኪዩቱ አካል መሆኑ ነው። የብዙ ዲጂታል መልቲሜትሮች የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሜጋ ኦም ያህል ነው። ይህ ከሚለካው 1 ሜጋ ኦም ጋር በትይዩ ሲገናኝ የጋራ ሬዚስታንሳቸው 0.91 ሜጋ ኦም ይሆናል፤ የቮልቴጅ ድርሻውም አብሮ ይቀንሳል። የውስጥ ሬዚስታንሱ 200 ኪሎ ኦም ብቻ የሆነ ባለ መርፌ ቮልትሜትር ደግሞ 1.43 ቮልት ገደማ ብቻ ያነባል።

በዚህ ዓይነት ሰርኪዩት የመለኪያው ሬዚስታንስ ከሚለካው ሬዚስተር ቢያንስ 100 እጥፍ ከሆነ፣ ከዚህ የሚመጣው ስህተት ከ1 በመቶ በታች ነው።

ሞክሩ፦ ሬዚስተሮቹ ባለ 100 ኪሎ ኦም ቢሆኑ ዲጂታል መልቲሜትሩ ስንት ያነባል? መጀመሪያ አስሉ፤ ከዚያም ለክታችሁ አመሳክሩ።