የእድገት ሆርሞን ሲበዛ የአንጀት ምርመራ ለምን ይከብዳል?



አክሮሜጋሊ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የታካሚው መልክ ነው፤ የሰፋ መንጋጋ፣ ጣት ላይ አልገባ ያለ ቀለበት፣ በየጊዜው ቁጥሩ የሚጨምር ጫማ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ማሪ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሕመሙን ሰይሞ ሲገልጽም ትኩረቱን የሳቡት እጅ፣ እግርና ፊት ነበሩ። የዛሬው ንግግሬ ግን ከውጭ ስለማይታየው ስለ ትልቁ አንጀት ነው።

የሕመሙ መነሻ በአብዛኛው ከአንጎል ሥር ባለችው የፒቱታሪ እጢ ላይ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ነው። እባጩ የእድገት ሆርሞንን ያለ ልክ ያመነጫል፤ ጉበትም በዚህ ተገፋፍቶ አይጂኤፍ-1 የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። ይህ ሆርሞን ሕዋሳት እንዲባዙ ይገፋፋል፤ ሊሞቱ የሚገባቸውንም ያቆያል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ደግሞ በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ ነው። ስለዚህም ፖሊፕ በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይገኛል። የካንሰሩ አደጋ በምን ያህል እንደሚጨምር ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ምርመራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ፖሊፕ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ተቆርጦ ሊወጣ ይችላልና።

ምርመራውን የሚያከብደው ግን ያው ሆርሞን ነው። አንጀቱ ከተለመደው በላይ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፤ በውስጡ ያለው ነገርም በዝግታ ይጓዛል። ስለዚህ ለሌላው ታካሚ የሚበቃው የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት ለእነዚህ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በደንብ ባልጸዳ አንጀት ውስጥ ትንሽ ፖሊፕ ይደበቃል፤ ሪፖርቱ ላይ «ምንም አልተገኘም» ተብሎ የተጻፈውም «ምንም አልታየንም» ከማለት አያልፍም። መፍትሔው የመድኃኒቱን መጠን መጨመርና ዝግጅቱን ቀደም ብሎ መጀመር ነው። ምክራችንም ግልጽ ይሁን፤ ለአገራችን ታካሚ «አሰር ያለው ምግብ ይቅርብዎ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎ እያሉ በስም መጥራት ያስፈልጋል።

ከዚያ የመሣሪያው ፈተና ይመጣል። ኮሎኖስኮፑ በረጅምና በተጠማዘዘ አንጀት ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል፤ ሥራው ጊዜ ይወስዳል፣ ያማል፣ የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል። የታችኛውን ክፍል ብቻ በአጭር መሣሪያ አይቶ መመለስ አያዋጣም፤ በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል የሚገኙ ፖሊፖች ጥቂት አይደሉምና። ሕመሙን ለማስታገስ ማስተኛ መድኃኒት ሲሰጥ ሌላ ስጋት ይነሣል። የብዙዎቹ ምላስ ተልቋል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ልባቸውም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የአየር መንገዳቸው ሁኔታ አስቀድሞ ሊገመገም ይገባል።

ምርመራው መቼ ይደረግ? የብሪታንያ የሥርዓተ ምግብ መፍጨት ሐኪሞች ማኅበር በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ40 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ሙሉ ኮሎኖስኮፒ ይመክራል። በመጀመሪያው ምርመራ አዴኖማ የተባለው የፖሊፕ ዓይነት ከተገኘ፣ ወይም አይጂኤፍ-1 ከዕድሜው ልክ በላይ ከሆነ፣ በየ3 ዓመቱ ይደገማል፤ አለዚያ በየ5 እስከ 10 ዓመት። ባልጸዳ አንጀት ላይ የተደረገ ምርመራ ግን የዚህ ቆጠራ መነሻ ሊሆን አይችልም፤ ዝግጅቱ ተጠናክሮ በአጭር ጊዜ ውስጥ መደገም አለበት።