ከደሴ ሆኖ ኦንላይን ጌም መምረጥ

ደሴ ፒያሳ ካሉት ጌም ቤቶች አንዱ ጎራ ብላችሁ «እዚህ አርፒጂ የሚጫወት አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ፊፋ ላይ ያፈጠጠው ወጣት ሁሉ ለአፍታ ዞር ብሎ ያያችኋል፤ ከዚያ ወደ ኳሱ ይመለሳል። በስልክ የሚጫወተው ደግሞ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር ላይ ተጥዷል። ሁለቱም የተኩስ ጨዋታዎች ናቸው። አርፒጂው፣ ማለትም የሚና ጨዋታው፣ ስሙ የሚነሣው ሲታማ ብቻ ነው፦ «እሱ እኮ ፈጣን ኔት ላለው ነው»፣ «እኛ ጋ አይሠራም»፣ «ያን ሁሉ ሰዓት ማን አለው?»። ሦስተኛው እውነትነት አለው። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ስም ማጥፋት ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፉኝም እነሱ ናቸው።

ምንነቱን ቶሎ እንለፈው። ገጸ ባሕርይ ትፈጥራላችሁ፤ ሙያና መሣሪያ ትመርጡለታላችሁ፤ እየሠራና እየተዋጋ ሌቭሉ ያድጋል። ኦንላይን የሆነ እንደሆነ ዓለሙ ያለው ሩቅ አገር ሰርቨር ላይ ነውና፣ እናንተ ተኝታችሁም ሌሎች ሺዎች እዚያው ይነግዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ።

«የእኔ ዓይነቱ ተጫዋች የቱ ይስማማዋል?» ለሚለው ጥያቄ የታወቀው መልስ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾው የተባለ ተማሪ «ሙድ» የተሰኘ፣ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የብዙ ሰው ጨዋታ ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ አሳደገው። ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፦ ነጥብና ሌቭል የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ለሰው ብለው የሚገቡ፣ ሌላውን ማጥቃት የሚያስደስታቸው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን መጠይቅ ግን እሱ አላዘጋጀውም፤ ሌሎች ናቸው ከጽሑፉ ተነሥተው የሠሩት። ያንን መጠይቅ ሞልቶ «እኔ አሳሽ ነኝ» እያለ የሚዞር ወጣት አጋጥሞኛል። ይሁን፣ አሳሽ ይሁን። ነገር ግን አሳሽነቱ የሚታየው ኔትወርኩ ሲፈቅድለት ነው፤ ባርትል አራቱን ሲከፍል ደሴ ሆኖ የሚጫወት ሰው በሐሳቡ አልነበረም።

የእኛ ሰው ከጠባዩ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጨዋታው በምን ፍጥነት ምላሽ ይፈልጋል? የሚስማማውንና የማይስማማውን አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው ይህ ነው፤ ስለ እሱ የሚወራው ግን ከላይ እስከ ታች የተምታታ ነው።

ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ልኮች አሉት። ሰዉ ሁለቱንም «የኔት ፍጥነት» ብሎ አንድ ያደርጋቸዋል። አንዱ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት ይገባል የሚለው ነው፤ ፊልም ለማውረድ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሌላው አንድ መልእክት ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ይቆያል የሚለው ነው፤ ፒንግ ይባላል፣ በሚሊሰከንድ ይለካል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርደውን መንገድ ብታሰፉት ብዙ ሲኖትራክ ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ ኮምቦልቻን ግን በአንድ ሜትር እንኳ ወደ ደሴ አያቀርባትም። ትልቅ ፓኬጅ መግዛትም እንደዚያው ነው።

ኮምቦልቻ የሚማር አንድ ወጣት ላጉ፣ ማለትም መዘግየቱ፣ እንዲቀርለት ብሎ ያልተገደበ የወር ፓኬጅ ገዛ። ከመግዛቱ በፊት ፒንጉ 180 አካባቢ ነበር፤ ከገዛም በኋላ እዚያው ነው። «ጋሼ፣ ታዲያ ብሬን ምን በላው?» አለኝ። ዩቲዩብ እንደ ልብ ማየት እንደሚችል ነገርኩት። አልተጽናናም።

ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከደሴ እስከ ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ ይህን የትኛውም ድርጅት በብር አይቀይረውም። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ባሕር ሥር ገብቶ፣ ስንት ጣቢያ ነክቶ ነው አውሮፓ የሚደርሰው። ስለዚህ በ150 እና በ200 መካከል ያለ ፒንግ ያገኘ ሰው እንደ ተበደለ አይቁጠረው።

በተኩስ ጨዋታ ይህ 150 ብዙ ነው። ቀድማችሁ አይታችሁ፣ ቀድማችሁ ተኩሳችሁ፣ ቀድማችሁ የምትወድቁት በዚህ ነው። ከዚያ ልምድ የተነሣ ነው «ኦንላይን ጌም እኛ ጋ አይሆንም» የሚባለው። ግን ሁሉም ጨዋታ ጊዜን በአንድ ዓይነት አይቆጥርም፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነገርም እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሩንስኬፕን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የጋወር ወንድማማቾች የጀመሩት ጨዋታ ነው። በ2007 የነበረው መልኩ በ2013 «ኦልድ ስኩል» በሚል ስም ተመልሶ ተከፈተ፤ ከ2018 ጀምሮ በስልክ ይሠራል፤ ስልክና ኮምፒውተር ላይ በአንድ አካውንት መግባት ይቻላል። ምስሉን ያየ የደሴ ልጅ ሁሉ ይስቃል፤ ሰዎቹ ከካርቶን የተቆረጡ ይመስላሉ። ይሳቅ። የዚህ ጨዋታ ሰርቨር ጊዜን የሚቆጥረው በ0.6 ሰከንድ ምት ነው። በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ተጫዋቾች ስክሪናቸው ላይ የነኩት ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ምቱ ሲደርስ ይፈጸማል። ስትራመዱ በአንድ ምት አንድ ካሬ፣ ስትሮጡ ሁለት ካሬ ትሄዳላችሁ። ጎራዴ በየ4 ምቱ ይመታል፣ ይህም 2.4 ሰከንድ ነው፤ በሁለት እጅ የሚያዘው ከባዱ ሰይፍ 7 ምት ይፈጃል። እንጨት የሚቆርጠው ሰው እንኳ ዕድሉን የሚሞክረው በየ4 ምቱ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ፒንጋችሁ 200 ቢሆን፣ ትእዛዛችሁ ሰርቨሩ ዘንድ ለመድረስ የዚያን ግማሽ፣ 100 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ምቱ ደግሞ 600 ነው። ስለዚህ በአማካይ ከ6 ንክኪ 5ቱ፣ ሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጦ ከሚጫወተው ሰው ንክኪ ጋር በአንድ ምት ውስጥ ይገባሉ፤ ወደሚቀጥለው የሚተላለፈው አንዱ ብቻ ነው። ያያችሁትን አይታችሁ ፈጥናችሁ የምትመልሱ ከሆነ ምስሉም ዘግይቶ ስለሚደርሳችሁ ሙሉው 200 ይቆጠርባችኋል፤ ያኔም ቢሆን ከ3ቱ 2ቱ በሰዓታቸው ይደርሳሉ። የተኩስ ጨዋታ ይህን ምሕረት አያውቅም።

ኮምቦልቻ አንድ ካፌ ውስጥ ይህን ጨዋታ የምትጫወት ወጣት አይቻለሁ። ማኪያቶዋ ቀዝቅዟል። በግራ እጇ ጣት ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ትመታለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛው ላይ በቀኝ አውራ ጣቷ ስክሪኑን ትነካለች፣ ጭራቁ ይመታል። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ላግ አያስቸግርሽም?» አልኳት። «የቱ ላግ?» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ። 0.6 ሰከንድ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፤ እጇ ግን ለምዶታል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሚጎዳው የፒንግ ማነስና መብዛት ብቻ አይደለም፤ መዋዠቁ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ 200 ላይ የሚቆም መስመር፣ አንዴ 120 አንዴ 800 ከሚል መስመር በእጅጉ ይሻላል። እጅ ምትን የሚለምደው ምቱ ሲጸና ነው። ስለዚህ ስትለኩ በምትጫወቱበት ቤትና በምትጫወቱበት ሰዓት ለኩ። ከጦሳ ግርጌ የተሸጎጠ ቤት የሚያገኘው ሲግናል ሰኞ ገበያ ከሚገኘው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ የጠዋቱና ሁሉም ሰው ስልኩን የከፈተበት የምሽቱ ኔትወርክም እንዲሁ። ጠዋት ቢሮ ዋይፋይ ላይ ለክቶ ማታ በሞባይል ዳታ የሚጫወት ሰው ቅሬታውን ለራሱ ያቅርብ።

ከዚህ የባሰ ዝግታ የሚፈልግ ካለ ኢቭ ኦንላይን አለለት። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአይስላንድ የወጣ የጠፈር ጨዋታ ነው፤ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ምቱ አንድ ሙሉ ሰከንድ ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲዋጋ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ ጊዜው ራሱ ይዘገያል፣ እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. የተደረገው ትልቁ ጦርነት 21 ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ለእኛ የሚመቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገጸ ባሕርያችሁ ሙያ የሚማረው እናንተ በሌላችሁበትም ጊዜ ነው። መብራት ቢጠፋ ወረፋ ያስያዛችሁት ትምህርት ይቀጥላል።

መቅረትን የሚቀጣ ጨዋታ ለዚህ አገር ሰው አይሆንም። ብዙዎቹ የስልክ አርፒጂዎች «ዴይሊ» የሚሉት አላቸው፤ በየቀኑ ካልገባችሁ ሽልማቱ ይቋረጣል፣ ጊልዱም፣ ማለትም አብራችሁ የምትጫወቱት ቡድን፣ ያስወጣችኋል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ በዕለት መገኘት ላይ የቆመ ጨዋታ ለመጀመር ሁለት ጊዜ ማሰብ አለብን።

ማጥቃት የሚወዱት ደግሞ አልቢዮን ኦንላይንን ያነሡብኛል። በርሊን ያለ ድርጅት በ2017 ያወጣው ነው፤ በ2021 ወደ ስልክ መጥቷል። በአደገኛዎቹ ቀጠናዎች ከሞታችሁ የያዛችሁትን ሁሉ ታጣላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በ150 ፒንግ እዚያ ሰው ለመዝረፍ መውጣት ለመዘረፍ መውጣት ነው። ደህና በሆነው ቀጠና ማዕድን እየቆፈሩ፣ ልብስና መሣሪያ እየሠሩ መነገድ ግን ያምርበታል፤ አብዛኛውን ዕቃ የሚሠሩት ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸውና ገበያው ሕያው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲጀመር ሰርቨር ምረጡ ይላል። የአሜሪካ፣ የእስያና በ2024 የተከፈተው የአውሮፓ አለ። ሳያነብ የመጀመሪያውን ነክቶ የሚያልፍ ሰው አሜሪካ ድረስ ሲመላለስ ይኖራል፤ ገጸ ባሕርዩን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር አይቻልም። ይህን ያህል ማንበብ ምን ይከብዳል?

ለጨዋታ ሳይሆን ለሰው የምትገቡ፣ ወሎዬ ደግሞ ይህ አያጣውም፣ የምትጠይቁት ስለ ሰዓት ይሁን። ጊልዶች ቀጠሮ የሚይዙት ብዙውን ጊዜ በሰርቨር ሰዓት ነው፤ እሱም በአብዛኛው የግሪኒቹ ነው። ከዚያ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠም 12 ቀንሱለት፤ የእኛን ሰዓት ታገኛላችሁ። «20:00» ያሉት የእኛ ሌሊት 5 ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ የሚገባ ሰው በሳምንት ሦስት ሌሊት እዚያ ልገኝ ብሎ ቃል ባይሰጥ ጥሩ ነው። አውሮፓ ያሉት በጊዜ ተጫውተው ይተኛሉ፤ እናንተ ዘግይታችሁ ተኝታችሁ በጠዋት ትነሣላችሁ።

ብቻዬን ልሁን ለሚል ደግሞ ኦልድ ስኩል ውስጥ «አይረንማን» የሚባል አካሄድ አለ፤ ከማንም ተጫዋች አትገዙም፣ ለማንም ተጫዋች አትሸጡም፣ ያላችሁን ሁሉ በእጃችሁ ትሠራላችሁ። ዝምተኛ ሰው የሚወደው ነው። «ሃርድኮር» የሚባለው ዓይነቱ ግን አንዴ ከሞታችሁ ማዕረጉ የሚገፈፍበት ነው። ውጊያ መሐል መስመር ሲቋረጥ ገጸ ባሕርያችሁ ወዲያው አይወጣም፣ ቆሞ ይደበደባል። መብራት ጠፋብኝ ብሎ ይግባኝ የለም። ደሴ ላይ ሃርድኮር የሚጀምሩ ልጆችን ስመክር የሚሰማኝ የለም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል፣ ኮምፒውተሩ ላይም ከ100 ጊጋባይት በላይ ይዞ ይቀመጣል፤ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ የሌለው ሰው ለጊዜው ይተወው።

ለማንኛውም ለጀማሪ የምለው ይህ ነው። ኦልድ ስኩልን በነጻው በኩል ጀምሩ፤ ከዝርዝሩ የእንግሊዝን ወይም የጀርመንን ሰርቨር ምረጡ፤ ሃርድኮሩን ተዉት። ፓኬጃችሁን አታሳድጉ፣ ያለው ይበቃል።