ሎሚ፣ አቼቶ፣ አመድና እንዶድ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አጠባ ነው። እንድጽፍ ያነሳሳኝ ደግሞ አንድ ቅዳሜ የሠራሁት ጥፋት ነው።

የልብስ ማስጫው ሽቦ ዝጎ ነጩን የዩኒፎርም ሸሚዜን ቡናማ ነጠብጣብ አደረገብኝ። በረኪና ውስጥ ብዘፈዝፈውም አልለቅ አለ። «ሎሚም ያነጣል ይላሉ፤ ሁለቱ ሲደባለቁማ ይበልጥ ያነጣሉ» ብዬ ሳፋው ውስጥ ሁለት ሎሚ ጨመቅኩ። ወዲያው የሚሰነፍጥ ሽታ ወጣ። ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ሳል በሳል ሆንኩ። አጠገቤ ሲጫወት የነበረው ትንሹ ወንድሜም እያሳለ ማልቀስ ጀመረ። አያቴ ሮጠው መጥተው ሁለታችንንም ወደ ደጅ አወጡን። በጣም ደነገጥኩ።

ሰኞ የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው፣ በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣና ሳንባን እንደሚጎዳ አስረዱኝ። አያቴ ደግሞ «ልጄ፣ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው፤ አትደባልቂው» ብለው የሚከተሉትን አሳዩኝ።

1. ሎሚ፦ አሲድ ስላለው ዝገትን ያሟሟል። ነጠብጣቡ ላይ ሎሚ ጨምቆ፣ ጨው ነስንሶ ፀሐይ ላይ ማቆየት፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ልብሱ በረኪና ነክቶት ከሆነ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ። ቀለም ያለውን ልብስ ስለሚያደበዝዝ ለነጭ ብቻ ይሁን።

2. አቼቶ፦ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያለቅቃል። ከውሃ ጋር ጨምሮ ማሞቅ፣ ትንሽ ማቆየትና ማጠብ ነው።

3. አመድ፦ የእንጨት አመድ ከውሃ ጋር ሲሆን ቅባትን ያለቅቃል፤ ብናኙ ደግሞ ጥላሸቱን ይፈገፍጋል። የጠቆረ ድስት በእርጥብ ጨርቅና በተነፋ አመድ ይታሻል። ግን ፍም እንዳይኖረው እዩ።

4. እንዶድ፦ ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ውሃ ውስጥ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው። አያቴ ጋቢና ነጠላ ያጥቡበታል።

ስለ እንዶድ አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚያ ተነስተው ባደረጉት ምርምር ታዋቂ ሆኑ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አንድፋው። ሰውም ቢጠጣው ይመርዛል፤ ዱቄቱም ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። የቤት ነው ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ሸሚዜስ? አያቴ እንዳሳዩኝ ሎሚና ጨው አድርጌበት ለቀቀ። ዛሬም ለብሼዋለሁ። እናንተም በረኪናን ከምንም ጋር አትደባልቁ፤ ታናናሾቻችሁንም ከአጠባ ቦታ አርቁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል