የሞተር ዘይት ሙቀትና የነዳጅ ፍጆታ በአሮጌ መኪኖች፦ ቴርሞስታት ማንሳት የሚያስከትለው ድብቅ ወጪ

መግቢያ

ከ2014 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በሂደት እየተነሳ በመምጣቱ የቤንዚን ዋጋ በአሽከርካሪው ላይ ከብዷል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በመወሰኑ፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌ መኪኖች ለተጨማሪ ዓመታት በሥራ ላይ እንደሚቆዩ ይጠበቃል። ስለሆነም እነዚህ መኪኖች ከሚገባቸው በላይ ነዳጅ የሚፈጁበትን ምክንያት መለየት ተግባራዊ ጠቀሜታ አለው።

አንድ መኪና «ቤንዚን ይበላል» ሲባል ጋራዥ ውስጥ አስቀድመው የሚታዩት ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያና ካርቡሬተር ናቸው። ሞተሩ በሚገባው ሙቀት ላይ ስለመሥራቱ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሞተር ዘይት ሙቀት ከነዳጅ ፍጆታ ጋር ያለውን ግንኙነት ማብራራትና በአዲስ አበባ ሁኔታ ቴርሞስታትን አንስቶ መንዳት የሚያስከትለውን ጉዳት ማሳየት ነው።

የዘይት ሙቀትና ሰበቃ

የሞተር ዘይት በሚፋተጉ የብረት ገጾች መካከል ስስ ሽፋን በመሥራት እርስ በርስ እንዳይነካኩ ያደርጋል። ይህን የሚያስችለው ዝልግልግነቱ ሲሆን፣ ዝልግልግነት ሙቀት ሲጨምር በፍጥነት ይቀንሳል። ለምሳሌ «10 ደብሊው 40» በመባል የሚታወቀው ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ 14 ሴንቲስቶክ ገደማ ዝልግልግነት ሲኖረው፣ በ60 ዲግሪ ከ40 በላይ፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ ከ90 በላይ ይሆናል። በ60 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ሞተር፣ በተነደፈበት ሙቀት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ የወፈረ ዘይት ይገፋል ማለት ነው። ሰበቃው በዚያው ልክ ሦስት እጥፍ ባይሆንም በብሮንዚኖች፣ በፋሻዎችና በዘይት ፓምፑ ላይ የሚባክነው ኃይል በግልጽ ይጨምራል። ለዚህ ብክነት የሚከፈለው በቤንዚን ነው።

በአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች ተስማሚው የዘይት ሙቀት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ነው። ዘይት ከማቀዝቀዣ ውሃው ዘግይቶ ይሞቃል፤ በዳሽቦርድ ላይ ያለው መርፌም የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት ብቻ ነው። መርፌው መሃል ላይ ሲደርስ ዘይቱ ገና ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ከመሃል በታች ከቀረ ደግሞ ዘይቱ ተስማሚ ሙቀቱ ላይ ስለመድረሱ አጠራጣሪ ይሆናል።

ቅዝቃዜና የነዳጅ ቅልቅል

ሁለተኛው ጉዳት በነዳጅና በአየር ቅልቅል ላይ ይደርሳል። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎግራም ገደማ አየር ያስፈልጋል። ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን መቆጣጠሪያው የውሃውን ሙቀት በሴንሰር እያነበበ ተጨማሪ ነዳጅ ያስገባል። ሞተሩ ሲሞቅ ይህ ጭማሪ ይቀራል፤ ካልሞቀ ግን ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ጠዋት እንደሆነ ቆጥሮ ሊሠራ ይችላል። ካርቡሬተር ባላቸው መኪኖች ደግሞ በከፍታ ምክንያት አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በራሱ ቤንዚን ያበዛል፤ ቅዝቃዜው ይህንኑ ያባብሳል።

ያልተነነው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ በፋሻዎቹ በኩል ወደ ዘይት መያዣው ይወርዳል። ከቃጠሎው የሚወጣው የውሃ እንፋሎትም ዘይቱ በቂ ሙቀት ስለሌለው ሳይተን በውስጡ ይጠራቀማል። በዘይት መሙያ ክዳን ሥር የሚታየው ነጣ ያለ ዝቃጭ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው፤ ሆኖም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ብልሽትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የችግሩን ክብደት ለመገመት የአሜሪካ መንግሥት የሚያወጣው የነዳጅ ቁጠባ መረጃ ይጠቅማል። በዚህ መረጃ መሠረት የቤንዚን መኪና በከተማ ጉዞ አንድ ሊትር ነዳጅ የሚያስኬደው ርቀት በ25 ዲግሪ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ በሆነ ብርድ 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከ5 እስከ 6 ኪሎሜትር በሆኑ አጫጭር ጉዞዎች ቅናሹ እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌላት አሃዙ በቀጥታ አይሠራላትም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ ጉዞ ውድ ጉዞ ነው።

ቴርሞስታት ለምን ይነሳል?

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች 82 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ይጀምርና በ95 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። መኪናው ውሃ ሲያፈላ ግን በአንዳንድ ጋራዦች የሚሰጠው መፍትሔ ይህን ዕቃ አውጥቶ መጣል ነው።

ልማዱ ከአካባቢው ፊዚክስ ጋር የተያያዘ ምክንያት አለው። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሆነ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ከሆነና 88 ኪሎፓስካል ተጨማሪ ግፊት ከያዘ ነጥበ ፍሌቱ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ክዳኑ ካረጀና ግፊት ካልያዘ ግን ውሃው ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይፈላል። ቴርሞስታቱ ሲነሳ ፍላቱ ሊቆም ስለሚችል ጥፋተኛው የተገኘ ይመስላል። እውነተኛው ችግር፣ ማለትም ያረጀው ክዳን፣ የተደፈነው ራዲያተር ወይም የደከመው ፓምፕ፣ ግን በቦታው ይቆያል።

ከዚያ በኋላ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተር ውስጥ ይዘዋወራል። በተለይም ከእንጦጦ ወደ ከተማው እንደሚወርዱት ባሉ ረጅም ቁልቁለቶች ላይ ሞተሩ ጥቂት ሙቀት እያመነጨ ብዙ ነፋስ ስለሚያገኝ ይቀዘቅዛል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃ ራዲያተሩን ሳያልፍ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲነሳ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር የጋለው ውሃ በከፊል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በዚህም ያው ሞተር ቁልቁለት ላይ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ዳገት ላይ ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወደ ራዲያተር የሚሄደው የላይኛው ጎማ ለበርካታ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት ከሞቀ ቴርሞስታቱ ይሠራል። ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ከሞቀ ግን ተነስቷል ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ለጥናት ሥራ በዘይት መለኪያው ዘንግ ቦታ ቴርሞኮፕል አስገብቶ የዘይቱን ሙቀት በቀጥታ መመዝገብ ይቻላል። ንጽጽሩ የሚታመነው መኪናው፣ መንገዱ፣ ሰዓቱና የጎማው ነፋስ ሳይቀየሩ ቴርሞስታቱ ብቻ ሲለወጥ ነው። የያዘ ፍሬንና የተበላሸ ኦክስጅን ሴንሰርም ፍጆታን ስለሚጨምሩ አስቀድመው ሊታዩ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከልክ በላይ የሚሞቅ ሞተር በእንፋሎትና በመርፌ ራሱን ያጋልጣል። ከሚገባው በታች የሚሠራ ሞተር ግን ምልክቱ በነዳጅ ወጪና በፋሻ መበላት ላይ ብቻ ስለሚታይ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ውሃ ለሚያፈላ አሮጌ መኪና ተገቢው ቅደም ተከተል ክዳኑን በግፊት መፈተሽ፣ ራዲያተሩን ማጽዳት፣ ፓምፑን ማየት፣ የዘይቱ ዓይነት አምራቹ ያዘዘው መሆኑን ማረጋገጥና በመጨረሻም ትክክለኛውን ቴርሞስታት መልሶ መግጠም ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ በሌለበት የሚከፈለው ዋጋ ግን በየቀኑ በነዳጅ ማደያ ይሰበሰባል።