«የቤት ሥራሽን ጨረስሽ ወይ?»

ከነቀምት በስተደቡብ በምትገኘው በአርጆ ከተማ፣ ለአንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህ ጥያቄ ሁለት ትርጉም አለው። ከመምህሯ ሲመጣ ስለ ደብተሯ፣ ከእናቷ ሲመጣ ግን ስለ ውሃውና ስለ ምጣዱ ነው። በኦሮምኛም ቢሆን የሁለቱ አጠራር አንድ ነው። ልጅቱ ሁለቱን ፈጽማ ስታበቃ ይመሻል፤ ሳይነካ የሚያድረው ሦስተኛው፣ ማለትም የራሷ ጥናት ነው።

የቤት ሥራና ጥናት አንድ አይደሉም። የቤት ሥራ መምህሩ በዕለቱ ትምህርት ላይ የሚሰጠው ጥያቄ ነው፤ ከጓደኛ ተገልብጦም ማርክ ያስገኛል። ጥናት ግን ተማሪዋ ያልገባትን ራሷ ለይታ፣ ወደ ኋላ ተመልሳ የምትሞላበት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለዚህ አይታለፍም። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከ100 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ተማሪዋ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ ትምህርቱ ከአእምሮዋ ሳይጠፋ የቤት ሥራዋን ትሥራ። ለጥናት ደግሞ በየቀኑ አንድ ሰዓት ትለይ፤ መጽሐፉን ከድና የምታስታውሰውን ትጻፍ፣ ከዚያም ገልጣ ታመሳክር። ደጋግሞ ከማንበብ ይህ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ይህች አንድ ሰዓት ከየት ትመጣለች? ከቤተሰቡ ነው። ወንድሟ ጀሪካኑን ቢያነሳ፣ አባቷ በቡና ለቀማ ወራት ከትምህርት ገበታዋ ባያስቀሯት፣ መብራት በሌለበት ቤት የቀን ብርሃን ቢተውላት ሰዓቲቱ ትገኛለች። እርስዎም እናቷ፣ ዛሬ ማታ ስለ ቤት ሥራዋ ሲጠይቋት «ጥናትሽስ?» ማለትን አይርሱ።